ቨርቴክስ ኖርማል ምንድን ነው? ሕንፃው ላይ ያለቦታው የሚያርፈው ጥላስ ከየት ይመጣል?

ለፍላይት ሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን ኮምፒውተር ላይ ለሚያስመስል ፕሮግራም፣ የአንድ ኤርፖርት ተርሚናል ሠራችሁ እንበል። ግድግዳው ዝርግ ነው፣ የለጠፋችሁበት ፎቶም ጥርት ያለ ነው። ሲሙሌተሩ ውስጥ ሲገባ ግን ያው ግድግዳ በአንድ ጥጉ ፈክቶ ወደ ሌላው እየጠቆረ ይሄዳል፤ መሐሉ ላይም ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ መስመር ይጋደምበታል። ፀሐይ ፊት ለፊት እየመታችው ጨለማ ሆኖ የሚቀር ግድግዳም አለ። እኔ መጀመሪያ ሲገጥመኝ ጥፋቱን ሁሉ በቴክስቸሩ፣ ማለትም በተለጠፈው ሥዕል፣ ላይ ጭኜ፣ ሥዕሉን አንዴ ሳፈካ አንዴ ሳጠቁር ሁለት ምሽት ፈጀሁ። ቴክስቸሩ ንጹሕ ነበር። የተበላሸው ኖርማሉ ነው።

ኖርማል አቅጣጫ ነው። ከአንድ ገጽ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ የሚወጣ፣ ርዝመቱ 1 የሆነ ቬክተር (ቀስት)። ግድግዳ ላይ ሳትጋደም የተመታች ሚስማር አድርጋችሁ አስቡት። ግድግዳው ምን ያህል ይብራ የሚለውን ሲሙሌተሩ የሚያሰላው ሚስማሯ ከፀሐይዋ አቅጣጫ ጋር ከምትሠራው ማዕዘን ነው፤ መነሻው የዚያ ማዕዘን ኮሳይን ነው። ሚስማሯ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ካየች 1፣ በ60 ዲግሪ ካዘመመች 0.5፣ 90 ዲግሪ ላይ ዜሮ። ከዚያ ካለፈ የፀሐይ ብርሃን አይደርሰውም፤ ከሰማይ የሚንጸባረቀው ደብዛዛ ብርሃን ብቻ ይቀረዋል።

እዚህ ስሌት ውስጥ የግድግዳው ትክክለኛ ቅርጽ የለበትም። ሲሙሌተሩ የሚያምነው ኖርማሉን ነው። ወደ ምሥራቅ የዞረ ግድግዳ ኖርማሉ ወደ ምዕራብ ከተጻፈ ጠዋት ጨልሞ ማታ ይበራል፤ ሲሙሌተሩም ምንም አያጉረመርምም።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ኖርማሉ የሚጻፈው ለገጹ ሳይሆን ለየነጥቡ፣ ማለትም ለየቨርቴክሱ መሆኑ ነው። ኤክስ-ፕሌን የተባለው ሲሙሌተር የሚያነበውን የሞዴል ፋይል በጽሑፍ ማረሚያ ብትከፍቱት እያንዳንዱ ነጥብ በአንድ መስመር ላይ ስምንት ቁጥሮች ይዞ ታገኙታላችሁ፦ ሦስቱ ነጥቡ የት እንዳለ፣ ቀጣዮቹ ሦስት ኖርማሉ ወዴት እንደሚያይ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ከቴክስቸሩ የትኛው ቦታ እንደሚያርፍበት። ዝርግ ጣሪያ ላይ ያለ ነጥብ መሐለኞቹ ሦስት ቁጥሮች 0 1 0 መሆን አለባቸው፤ ቀጥታ ወደ ላይ ማለት ነው። ሌላ ነገር ካያችሁ ጥፋቱ እዚያው ተጽፎ ተቀምጧል።

በነጥቦቹ መካከል ያለው ቦታ በግምት ይሞላል። ሄንሪ ጉሮ እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተመው ዘዴ ብርሃኑን ነጥቦቹ ላይ ብቻ አስልቶ በመሐላቸው ያዳርሰዋል። ቡይ ቱዎንግ ፎንግ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያመጣው ደግሞ ኖርማሉን ራሱን እያዳረሰ ብርሃኑን በየፒክስሉ ያሰላል። የዛሬዎቹ ሲሙሌተሮች በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው የሚሄዱት።

ይህ ማለስለስ ቅስት ጣሪያ ላለው ሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆያ) ግሩም ነው፤ ከአሥራ ሁለት ዝርግ ቁራጮች የተሠራው ጣሪያ አንድ ወጥ ክብ መስሎ ይታያል። ሳጥን የመሰለ ሕንፃ ላይ ሲደረግ ግን ጉድ ያፈላል። ሳጥን ስምንት ጥጎች አሉት። አንዱን ጥግ ሦስት ገጾች ከተጋሩት፣ የጥጉ ኖርማል የሦስቱ አማካይ ይሆናል፦ 0.577፣ 0.577፣ 0.577። ሚስማሯ የትኛውንም ገጽ ቀጥ ብላ አትወጣም፤ ከሦስቱም ወደ 55 ዲግሪ ገደማ አዝምማ ሰያፍ ትቆማለች። ዝርጉ ግድግዳ ኳስ ይመስል መሐሉ ከዳሩ ተለይቶ ይበራል። ግድግዳው ለማሽኑ ሁለት ጎነ ሦስቶች ስለሆነና ግምቱ በየጎነ ሦስቱ ለየብቻ ስለሚሞላ፣ መጋጠሚያቸው ያ ሰያፍ መስመር ሆኖ ይወጣል።

መፍትሔው ጥጉን ማነባበር ነው። በአንድ ቦታ ላይ ሦስት ነጥቦች ይቀመጣሉ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ገጽ ኖርማል ይዞ፤ 8 የነበረው 24 ይሆናል። በእጅ አይሠራም፤ ብሌንደር በተባለው የሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ጠርዙን «ማርክ ሻርፕ» (ስል ይሁን) ማለት ይበቃል። አለበለዚያ በማዕዘን የሚለየውን «ኦቶ ስሙዝ» ትጠቀማላችሁ፦ መነሻው 30 ዲግሪ ነው፣ ከዚያ በላይ የታጠፈውን ጠርዝ ስል አድርጎ ይተወዋል፣ የቀረውን ያለሰልሳል። ብዙ ሰው ተናዶ ሞዴሉን በሙሉ «ሼድ ፍላት» ይለዋል፤ ማለስለሱን ሁሉ ማጥፋት ማለት ነው። አልመክርም። የሃንጋሩ ቅስት ወደ ቁርጥራጭ ይመለሳል፣ የነጥቡም ብዛት ያለጥቅም ያብጣል።

ከሌላ ፕሮግራም በመጣ ሞዴል ላይ ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ምንም ካልተለወጠ፣ ሞዴሉ የራሱን ኖርማል ይዞ መጥቷል ማለት ነው። መጀመሪያ ያንን «ከስተም ኖርማል» ማጥፋት፣ ከዚያ እንደገና ማስላት። እኔ ይህችን እስካውቅ ብዙ ተንገላትቻለሁ።

የተገለበጠ ኖርማል ሌላ በሽታ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ግማሹን ሕንፃ ሠርቶ በአሉታዊ ስኬል፣ ማለትም መጠኑን በ-1 በማባዛት፣ ከማንጸባረቅ ነው። ሲሙሌተሩ የገጽን ጀርባ ስለማይስል ግድግዳው አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋና የሕንፃው ውስጥ ይታያል፤ ማቴሪያሉ (ገጹ እንዴት እንደሚሳል የሚወስነው ቅንብር) ሁለት ፊት እንዲሆን ከተደረገ ደግሞ ግድግዳው ይኖራል፣ ግን በተሳሳተ ሰዓት ይጨልማል። ብሌንደር ላይ «ፌስ ኦሪየንቴሽን»ን ስታበሩ ወደ ውጭ የዞረው ሰማያዊ፣ የተገለበጠው ቀይ ሆኖ ይታያል። ስኬሉን አጽድቃችሁ፣ ሁሉንም መርጣችሁ ሺፍትና ኤን ስትጫኑ አብዛኛው ይስተካከላል።

ሁሉም የተጣመመ ኖርማል ስሕተት አይደለም። የሣርና የቁጥቋጦ ሥዕል የሚለጠፍባቸው የቆሙ ገጾች ሆን ተብሎ ኖርማላቸው ወደ ሰማይ ይደረጋል፤ ያኔ ከመሬቱ ጋር እኩል ይበራሉ እንጂ ጥቁር ካርቶን መስለው አይገተሩም።

ኖርማል ማፕ የተባለው ሥዕል ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ደረጃ ነው፤ በየፒክስሉ ኖርማሉን በጥቂቱ ያዘነብለዋል። ወይን ጠጅ የሚመስለው ቀለሙ ከ128፣ 128፣ 255 የመጣ ነው፦ «እዚህ ምንም አታዘንብል» ማለት። የጡቡ ስንጥቅ አብጦ ጡቡ ከጎደጎደ፣ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ደግሞ ልክ ከሆነ፣ የሥዕሉ አረንጓዴ ቻናል፣ ማለትም የላይና የታች ዝንባሌውን የያዘው የአረንጓዴ ቀለም ቁጥር፣ ተገልብጧል። ኦፕንጂኤልና ዳይሬክትኤክስ የተባሉት ሁለቱ የግራፊክስ ሥርዓቶች የሚለያዩት በዚህ ነው፤ የ2020ው ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የዳይሬክትኤክሱን ይፈልጋል።

ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ግን ቴክስቸሩን አንሥታችሁ ተራ ግራጫ ማቴሪያል ቀቡት፤ ከዚያ ሲሙሌተሩ ውስጥ ሰዓቱን ከጠዋት እስከ ማታ አንሸራትቱ። ጥቁረቱ ከፀሐይዋ ጋር እየዞረ ዝርጉ ላይ ከተንሸራተተ፣ ማለስለሱ በዝቷል። ፀሐይ ስትመጣ ጨልሞ ስትሄድ ከበራ ተገልብጧል። ግራጫው ሰዓቱን ሁሉ ልክ ከሆነና ቴክስቸሩ ሲመለስ ጥላው አብሮ ከተመለሰ፣ ጥላው ፎቶው ላይ ያለ ነው፤ ፎቶው በጠራራ ፀሐይ ተነሥቶ የጣሪያው ክፈፍ ጥላ ግድግዳው ላይ ታትሞ ቀርቷል። እሱን ኖርማል አያድነውም። ወይ በሥዕል ማረሚያ ማጥፋት፣ ወይ ሰማዩ ደመና ሲሆን ሄዶ እንደገና ማንሣት ነው።