ሂሳዊ አቀባበል ምንድን ነው? የአዲስ ፕሮግረሲቭ ሜታል ባንድ አልበም እንዴት ይመዘናል?

ብዙ ሰው ስሙን የማያውቀው አንድ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ እንበል። ሙዚቃው ፕሮግረሲቭ ሜታል ነው። አንዱ ዘፈን ብቻ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ሬዲዮ አያጫውተውም፣ ሠርግ ላይም አይከፈትም። ታዲያ እንዴት ሰው ጆሮ ይደርሳል? አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሰሙት ሰዎች በሚጽፉት ነው። ሃያስያንና የሙዚቃ ጋዜጠኞች ስለ አንድ አልበም የሰጡት ፍርድ ተሰብስቦ ሲታይ ሂሳዊ አቀባበል ይባላል። ሽያጭ ሌላ ነው። የአድናቂ ብዛትም ሌላ ነው። ሦስቱ አንዳንዴ አብረው ይሄዳሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሆድና ጀርባ ይሆናሉ።

ጎንደር ውስጥ የዚህ ሙዚቃ ወዳጆች ጥቂት ነን። ፒያሳ ቁጭ ብለን ስለ አዲስ አልበም ስናወራ ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ሰጡት?» የሚል ነው። ከአሥር ስንት፣ ከአምስት ኮከብ ስንት። እኔ ግን ከአንድ ሂስ ውስጥ ትንሹን ነገር የሚናገረው ቁጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደምል እንዲገባችሁ ስለ ሙዚቃው ራሱ ትንሽ ላውራ።

ሜታል የተወለደው እንግሊዝ ውስጥ ነው። በርሚንግሃም በምትባል የፋብሪካ ከተማ ያደጉ አራት ወጣቶች ብላክ ሳባዝ የሚል ስም ይዘው እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከባድ፣ ጨለም ያለ፣ ቀስ የሚል የጊታር ድምፅ ነበር። በዚያው ዘመን እነ ኪንግ ክሪምሰን ሮክን ረጅምና ውስብስብ አድርገው ይጫወቱ ነበር። ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለው እሱ ነው። የካናዳው ረሽ ሁለቱን ማቀራረብ ጀመረ። በ1980ዎቹ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ኩዊንስራይክ፣ ፌትስ ዋርኒንግና ድሪም ቲያትር የአንዱን ክብደት ከሌላው አወቃቀር ጋር አዋሃዱት። ፕሮግረሲቭ ሜታል ይኸው ነው።

ድሪም ቲያትርን በ1985 የመሠረቱት ሦስት ወጣቶች ቦስተን በሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ይማሩ ነበር። ከእነሱ ከሃያ ዓመት በላይ ቀድመው እዚያው ትምህርት ቤት የተማሩት አንጋፋው ሙላቱ አስታጥቄ ናቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ኢትዮ ጃዝን የፈጠሩት ሰውና ፕሮግረሲቭ ሜታልን ለዓለም ያስተዋወቁት ልጆች የአንድ ቤት ተማሪዎች ናቸው።

ለአዲስ ሰሚ የሚከብደው ምቱ ነው። አብዛኛው የምናውቀው የፈረንጅ ሮክ በአራት ይቆጠራል። እዚህ ግን አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ ይመጣል። እስቲ አሁኑኑ ጠረጴዛ ላይ በጣታችሁ ሞክሩት፦ አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሁለት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት። «አንድ» ሲመጣ ብቻ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ሳታቋርጡ ድገሙት። ሰባት ምት ማለት ይህ ነው። መጀመሪያ ላይ እግር ሊረግጥ ሲል ምቱ ያመልጠዋል። ጥቂት ዙር ከሄዳችሁ በኋላ ግን ሰውነት ይለምደዋል፣ ቆጠራውም ይረሳል። ጥሩ ባንድና ጥሩ ያልሆነ ባንድ የሚለዩት እዚች ላይ ነው። ጥሩው ሰባትን ሲጫወት ሰሚው መቁጠር አያስፈልገውም። ሌላው ግን «እዩኝ፣ ሰባት እየተጫወትኩ ነው» የሚል ይመስላል።

የጎንደር ሰው ደግሞ እየተለዋወጠ ለሚሄድ ረጅም ዜማ ባዳ አይደለም። በዓል ላይ ማኅሌት የቆመ ያውቀዋል። ቁም ዜማው በእርጋታ ይጀመራል። ዝማሜው በመቋሚያ ይከተላል። በመረግድ ከበሮው ይገባል፣ በጽፋት ይፈጥናል። ጸሎትን ከሮክ መድረክ ጋር ላነጻጽር አይደለም፤ ቦታቸው ለየቅል ነው። የማወራው ስለ ጆሮ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አንድን ዜማ ከዝግታ ወደ ፍጥነት ሲሄድ የተከታተለ ሰው የአሥራ ሁለት ደቂቃ ዘፈን ሊያስፈራው አይገባም።

አሁን ወደ ሂሱ እንግባ። ሃያሲ የአዲስ ባንድ አልበም ሲከፍት «መጫወት ይችላሉ ወይ?» ብሎ ብዙም አይጨነቅም። በዚህ ዘርፍ አልበም እስከማውጣት የደረሰ ሰው መጫወቱን ይችላል። ጥያቄው ጣቱ የፈጠነው ልጅ ዘፈን መሥራት ይችላል ወይ ነው። በፕሮግረሲቭ ሜታል ሂሶች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ወቀሳ ይኸው ነው፤ ችሎታ ሞልቶ ዘፈን ጎደለ። ይህ ሶሎ (አንድ መሣሪያ ጎልቶ የሚጫወትበት ክፍል) ለምን ይህን ያህል ረዘመ? ይህ ክፍል ቢወጣ ምን ይጎድል ነበር? ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንድ የባንድ ልጆች እንደ ምቀኝነት ያዩዋቸዋል፤ ተሳስተዋል።

ቀጥሎ ፕሮዳክሽን አለ፤ አቀራረጹና ሚክሱ ማለት ነው። አዲስ ባንድ ገንዘብ ስለሌለው እዚህ ላይ ይጋለጣል። ቤዙ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ጊታር) ከጊታሩ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። የእግር ድራሙ እንደ ታይፕራይተር ይንጣጣል። ሁሉም ነገር እኩል ስለሚጮህ፣ ጸጥ ማለት ያለበት ቦታ ጸጥ አይልም። ረጅም ዘፈን ደግሞ ያለ ጸጥታ አይዘለቅም፤ ጆሮ ይደክማል። ጨዋ ሃያሲ የገንዘብ እጥረት ያመጣውን ጉድለትና የምርጫ ስህተትን ለይቶ ይጽፋል። ሁለቱን ከደባለቃቸው ባንዱን በድሎታል።

ድምፃዊው ይጮኻል ወይስ ይዘፍናል የሚለው የጣዕም ጉዳይ ስለሆነ ብዙ አልቆይበትም።

ከሁሉ በላይ አዲስ ባንድን የሚፈትነው ግን የማን ጥላ ሥር እንዳለ ነው። የስዊድኑ ሜሹጋ በስምንት ክር ጊታር የሚያወጣውን የተቆራረጠ ምት ይዘው የተነሱ ባንዶች ለቁጥር ይታክታሉ። የስዊድኑ ኦፔዝ፣ የአሜሪካው ቱል፣ ድሪም ቲያትርም እንደዚሁ ብዙ ተከታይ አላቸው። ስለዚህ ሂሱ «እገሌን ይመስላል» ይላል። ይህ ለአንባቢ ይጠቅማል፤ የማያውቀውን ባንድ በሚያውቀው በኩል ይጠጋዋል። ችግሩ ሃያሲው እዚያው ላይ ሲያቆም ነው። ልጁ ከታላቁ የወሰደውን ነግሮን፣ የጨመረውን ሳይነግረን ከሄደ ሥራው ግማሽ ነው።

ድሪም ቲያትር ራሱ አንድ ሰሞን የማይታወቅ ባንድ ነበር። በ1989 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ቅጂው ደካማ ነበር። አሳታሚውም በደንብ አላስተዋወቀውም። ብዙ ሰው ሳይሰማው አለፈ። ከዚያ ድምፃዊውን ቀየሩ፤ ጄምስ ላብሪ መጣ። የ1992ቱ ሁለተኛ አልበማቸው አሜሪካ ውስጥ የወርቅ ደረጃ አገኘ። ወርቅ ማለት 500,000 ቅጂ ነው። ዛሬ በዚህ ዘርፍ አዲስ የሚመጣ ብዙ ባንድ ከዚያ አልበም ጋር ይለካል። በመጀመሪያው አልበም ብቻ ተፈርዶባቸው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር።

ሃያስያንም ይስታሉ፤ ያውም በትልቁ። የብላክ ሳባዝን የመጀመሪያ አልበም ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በጊዜው አጣጥሎት ነበር። ዛሬ ያ አልበም የአንድ ሙሉ ዘርፍ መነሻ ተደርጎ ይታያል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የቱል ታሪክ ነው። በ2001 «ላተራለስ» የተባለውን አልበም አወጡ። ፒችፎርክ የተባለው የሙዚቃ ሂስ ድረ ገጽ ከ10 የሰጠው 1.9 ነበር። ያው አልበም በአሜሪካው የቢልቦርድ የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ገባ።

እስቲ የአልበሙን ርዕስ የያዘውን ዘፈን ጠጋ ብለን እንየው። ድምፃዊው በመጀመሪያው ስንኝ አንድ ቀለም (በግጥም የሚቆጠረው የድምፅ ክፍል) ብቻ ይላል። ቀጥሎም አንድ። ከዚያ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስምንት፤ ከዚያ ወደ አምስትና ሦስት ይመለሳል። እስከ ስምንት ሲወጣ እያንዳንዱ ቁጥር ከእሱ በፊት ያሉት የሁለቱ ድምር ነው። ፊቦናቺ የሚባለው የቁጥር ሰልፍ ማለት ነው። አዝማቹ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ምቱ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሰባት እያለ ይሄዳል። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲጻፉ የሚወጣው 987 ራሱ በዚያው ሰልፍ ውስጥ ያለ ቁጥር ነው። የወል ቤትን ስድስት ስድስት ቀለም እየቆጠረ የሚገጥም አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ወዲያው ይገባዋል። ግጥሙ ራሱ ምት ሆኗል። «1.9» የሚለው ቁጥር ስለዚህ አንዳች አይነግረንም። «9.5» ቢሆንም ኖሮ አይነግረንም ነበር።

ከ2001 ጀምሮ ሜታክሪቲክ የሚባለው አገልግሎት የሃያስያንን ውጤት እየሰበሰበ ከ100 አማካይ ያወጣል። ሁሉንም እኩል አይቆጥርም፤ ለአንዳንዱ ሃያሲ የበለጠ ክብደት ይሰጣል። ለታወቀ ሙዚቀኛ ጠቅላላ ስሜቱን ለማወቅ ይረዳል። አዲስ ባንድ ግን የሚጽፍለት ሰው ጥቂት ነው። የጥቂት ሰው አማካይ ደግሞ የአንድ ሰው ስሜት በቀላሉ ያዛባዋል።

የጊዜም ነገር አለ። አልበም ለሃያስያን ቀደም ብሎ ይላካል፣ ጽሑፉ ደግሞ ከሚወጣበት ቀን ጋር እንዲገጥም ይፈለጋል። ጸሐፊው በጥድፊያ ሰምቶ ይፈርዳል። ይህ ሙዚቃ ግን ሲደጋገም ነው የሚከፈተው። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ የሚጻፉ ሂሶችን መፈለግ አይከፋም። ብዙ ጊዜ የተሻሉ ናቸው።

ወደኛ አህጉር ልምጣ። የቱኒዚያው ሚራት የአረብ ዜማን ከፕሮግረሲቭ ሜታል ጋር አዋህዶ ዓለም ያወቀው ባንድ ነው። ስለ እነዚህ ልጆች የሚጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር ቅር ይለኛል። «ምሥራቃዊ ቃና» ይባልና ይታለፋል። የትኛው ዜማ? ከየት የመጣ? በጊታር ሲሠራ ምኑ ተለወጠ? ይህን የሚያብራራ ጆሮ የለም። እኛም ላይ ይህ ይመጣል። ጃኖ ባንድ ፕሮግረሲቭ ሜታል ባይሆንም፣ የኛን ቅኝት ይዞ በኤሌክትሪክ ጊታር ጠንካራ ሮክ ሠርቷል። «ኤርታሌ» የተባለውን አልበሙን ከአሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ከቢል ላስዌል ጋር ነው ያወጣው። እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ ቅኝቱን በስሙ ጠርቶ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።

ከቅኝቶቻችን አንዱን፣ አንቺሆዬን ውሰዱ። አምስት ድምፆች ናቸው። ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ያለው ርቀት በፒያኖ ሲለካ ሦስት ሙሉ ቶን ይሆናል። ፈረንጆቹ ትራይቶን የሚሉት ነው። ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበማቸውን የከፈቱበት አስፈሪ የጊታር ዜማ የቆመው በዚሁ ርቀት ላይ ነው። አዝማሪ በማሲንቆው ሲያለቅስበት የኖረው ድምፅ የሜታል መሠረት ነው ማለት ነው። አንድ የጎንደር ልጅ ነገ አንቺሆዬን በሰባት ክር ጊታር ቢጫወት፣ ለንደን ያለው ሃያሲ «ለየት ያለ» ብሎ ያልፈዋል። እዚህ ያለ ሰው ግን ቅኝቱን ያውቀዋል። የት ላይ እንደለቀቀው፣ ምቱ ችክችካ መሆኑን፣ ግጥሙ ቤት መምታቱን ይለያል።

ለዚህ የሚሆን ልማድ ደግሞ ከውጭ መለመን የለብንም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ፊት ይናገራል። መምህሩ ቁጥር አይሰጠውም። የቱ ጋ እንደተበላሸ ይነግረዋል፣ ያርመዋል፤ ካማረ «ይበል» ይለዋል። ጓደኞቹም እዚያው እየሰሙ ነው። እኛ ግን የጓደኛ ሙዚቃ ሲሆን ፊት ለፊት «አሪፍ ነው» እንላለን፣ ዞር ሲል እናማዋለን። አዲስ ባንድ በዚህ አያድግም።

ልጆቹ ቅጂያቸውን በቴሌግራም ሲልኩልን ቢያንስ እንዲህ ብሎ መመለስ ይቻላል፦ «ሁለተኛው ዘፈን ላይ ቤዙ አይሰማኝም። አራተኛው ደቂቃ ላይ ያለው ሶሎ ረዘመብኝ፤ ግማሹ ይበቃው ነበር። አንቺሆዬው በድራሙ ብቻ ታጅቦ ሲመለስ ግን ወደ ኋላ መልሼ ደግሜ ሰማሁት። ቀጣዩን ዘፈን ከዚያ ጀምሩት።»