ማዳበሪያና የፕላንክተን ገበታ፦ ከሐይቅ እስከ ዓባይ አፍ

ማዳበሪያ ሐይቅና የወንዝ አፍ ሲደርስ የፕላንክተንን (በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትን) ገበታ እንዴት ይለውጣል? ወሎ ባሕር የለውም፤ የወንዝ ውኃ ከጨው ውኃ የሚደባለቅበት ዳርቻም የለውም። ቦርከናና ሚሌ አዋሽ ይገባሉ፤ አዋሽ ደግሞ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። የምዕራብ ወሎ ውኃ ግን በበሽሎ በኩል ከዓባይ ጋር ሜዲትራኒያን ይደርሳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማሳ የታጠበ ዳፕና ዩሪያ፣ እበትና የከተማ ፍሳሽ ውኃ ውስጥ ሲገባ፣ ፋይቶፕላንክተን የሚባለው ደቃቅ አልጌ ይፋፋል። ዙፕላንክተን የሚባሉት ደቃቅ የውኃ እንስሳት አልጌውን ይበላሉ፤ ዓሣ ደግሞ ዙፕላንክተኑን ይበላል። ታዲያ አልጌው ሲበዛ ሁሉም ጠገበ ማለት አይደለም። ከዙፕላንክተን አንዷ የሆነችው ዳፍኒያ በእግሮቿ ውኃውን እያጠለለች ነው የምትበላው። ሳያኖባክቴሪያ (ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባለው) ግን እየተያያዘ ክርና ጓል ይሠራል፤ ማጥለያዋ ላይ ይጠመጠማል፣ አንዳንዱም መርዛማ ነው። ሳይበላ የቀረው ሰምጦ ሲበሰብስ ከታች ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በወንዝ አፍ የሲሊካ ጉዳይም አለ። ዲያቶም የሚባለው የአልጌ ዓይነት ቅርፊቱን የሚሠራው በሲሊካ (በአሸዋና በመስታወት ውስጥ ባለው ማዕድን) ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ጨምረው ሲሊካው ባለበት ከቆየ፣ ለኮፔፖድ (ሌላው የዙፕላንክተን ዓይነት) ጥሩ ቀለብ የሆነው ዲያቶም ቦታውን ለሌላ አልጌ ይለቃል።

ለዚህ ሁሉ ከደጃፋችን ያለው ምስክር የሐይቅ ሐይቅ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ይገኛል። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ከሐርዲቦ የሚወርደውን ውኃ ይቀበላል፤ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ስለዚህ የገባበት ንጥረ ነገር በቀላሉ አይወጣም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያቀኑት የእስጢፋኖስ ገዳም ዝናው እንደተጠበቀ ነው፤ ሐይቁ በሳይንስም ስም እንዳለው የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ባክስተርና ጎሎቢትሽ በ1970 ስለ ሐይቁ ውኃ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። ዋናው ሥራ የመጣው በ1992 ነው፤ ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቿ ሐይቁ በንጥረ ነገር እየበለጸገ አረንጓዴ መሆኑን አሳዩ። መለኪያው ቀላል ነው፦ ክብ ሳህን በገመድ ታስሮ ይሰጥማል፣ ከዓይን የተሰወረበት ጥልቀት ይመዘገባል። ድሮ 9 ሜትር ገደማ ይታይ የነበረው ሳህን 2 ሜትር እንኳ ሳይሰጥም ይሰወር ጀመር።

ለምን? ብዙ ሰው ቶሎ የሚለው «ማዳበሪያ ነው» ነው። የታጠበው አፈር ድርሻ እንዳለው አያጠራጥርም። ዋናው ማብራሪያ ግን ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው። ዓሣው የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፤ የተጨመረው በ1970ዎቹ መገባደጃ ነው። ግልገሉ ዙፕላንክተን ይበላል። በላተኛው ሲሳሳ አልጌው ያለ ተቆጣጣሪ ይቀራል። ለእኔም ይኸኛው ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ዓሣው ለሐይቅ ከተማ ገበያ ያመጣው ጥቅም ሳይዘነጋ።

የዓባይ አፍ ታሪክ ተቃራኒ ነው። የክረምቱ ጎርፍ ከእኛ ደጋ ያጠበውን ደለል ይዞ ዳርቻው ሲደርስ ዲያቶም ያብብ ነበር፤ ሰርዲንም በዚያ ይደልብ ነበር። በ1962 የግብፅ የሰርዲን ምርት 18 ሺህ ቶን ገደማ ነበር። በ1964 የአስዋን ግድብ ውኃ መያዝ ጀመረ። በዚያው አሥርተ ዓመት መጨረሻ ምርቱ ከ1 ሺህ ቶን በታች ወረደ። ከ1980ዎቹ ወዲህ የዳርቻው ዓሣ ማንሰራራቱን አንዳንዶች ለግብፅ ማዳበሪያና ለከተሞቿ ፍሳሽ ይሰጣሉ፤ ሌሎች የጀልባው መብዛት ነው ይላሉ።