ስለ ጎጎዳላ ሚሲዮን ደጋግመን የምንሰማቸው ስሕተቶች

የወንጌል መልእክተኞች በሚሠለጥኑበት ክፍል፣ ወንጌል ጎጎዳላ ወደሚባለው ሕዝብ የደረሰበትን ታሪክ በምሳሌነት ባነሣሁ ቁጥር የሚነገረኝ አንድ ዓይነት ነው። ታሪኩ ከሰባኪ ወደ ሰባኪ ሲተላለፍ ተጋንኗል። ሰልችቶኛል። ይህን ትረካ አምኖ የሚሄድ ወጣት ራሱንም ሕዝቡንም ስለሚጎዳ ነገሩን አንድ በአንድ ላስተካክል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አፍሪካ ውስጥ ያለ ጎሣ ነው።» አይደለም። ጎጎዳላዎች የሚኖሩት ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ባለችው በፓፑዋ ኒው ጊኒ ምዕራባዊ ክፍለ ሀገር፣ በአራሚያና በፍላይ ወንዞች መካከል ነው። ትልቋ ከተማቸው ባሊሞ ናት።

«የጫካ ሰዎች ናቸው።» አገራቸው ከጫካ ይልቅ ውኃ ነው። በዝናብ ወራት ሜዳው ሐይቅ ይሆናል፤ ሰዉም በታንኳ ይሄዳል፣ በታንኳ ይነግዳል፣ በታንኳ ይወዳደራል። የጎሣው ምልክት ተቀርጾና ተቀብቶ በታንኳው አፍንጫ ላይ ይታያል።

«የዛፍ ግንድ የሚበሉ ምስኪኖች ናቸው።» ይህን የሚለኝ ብዙ ጊዜ ቡላ በልቶ ያደገ ሰው ነው! ሳጎ የሚባለው ዛፍ ይቆረጥና ውስጡ ይፈጫል፤ በውኃ ሲታጠብ የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ምግብ ይሆናል። እናቶቻችን እንሰት ፍቀው፣ ጨምቀው፣ ዝቃጩን እንደሚያወጡት ማለት ነው። ሙያም ድካምም ያለበት ሥራ ነው፤ የሚያሳዝን ነገር የለበትም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን «ፈረንጆች ሄደው ሰበኩ፣ ሕዝቡም አመነ» የሚለው ነው። በ1930ዎቹ «ወንጌል ያልደረሰባቸው መስኮች ሚሲዮን» የሚባለው ድርጅት መልእክተኞች በፍላይ ወንዝ ዳር ማዲሪ ላይ ጀምረው ወደ ባሊሞ አካባቢ መጡ። እነዚህ ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ ወባው ያዳክማቸው ነበር፤ ቋንቋውንም ከዜሮ መማር ነበረባቸው። በውኃ የተከበቡትን መንደሮች ሁሉ እነሱ አላዳረሱም፤ ሊያዳርሱም አይችሉም ነበር። ቃሉን ከመንደር ወደ መንደር ያደረሱት ማንበብ የተማሩ የጎጎዳላ ወጣቶች ናቸው፣ በገዛ ታንኳቸው፣ ለገዛ ዘመዶቻቸው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓፑዋ ሲደርስና ፈረንጆቹ ሲወጡ ጉባኤውን የያዙት እነዚሁ ናቸው። በኋላም የጎጎዳላ ወንጌላውያን ቤተሰባቸውን ይዘው፣ ቋንቋቸውን ወደማያውቁት ሌሎች ሕዝቦች ሄዱ። በ1966 የፓፑዋ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ስትቋቋም መሠረቷ እነዚህ ሰዎች ነበሩ። በትረካችን ውስጥ ግን ስማቸው የለም፤ «ረዳቶች» ተብለው ይታለፋሉ።

ይህን ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጣሊያን በ1937 የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ሰዎችን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት 48 ያህል ብቻ ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው 10,000 ገደማ አማኝ ነው። ማን አደረገው? መልሱን የወላይታ ሽማግሌዎች ያውቁታል። በገዛ ቤታችን የምናውቀውን እውነት ወደ ፓፑዋ ስንሻገር ለምን እንረሳዋለን?

ባለፈው አንድ ሠልጣኝ በማመልከቻው ላይ «ብርሃን ወዳልደረሰባቸው ሕዝቦች» ብሎ ጽፎ አመጣልኝ። ልጄ፣ አያቶቻቸው ወንጌላውያን የነበሩ ፓስተሮች እዚያ አሉ፤ የምትሄደው ከእነሱ ሥር ልታገለግል ነው አልኩት። ቅር አለው። ደግሞ እንዲጽፍ መልሼለታለሁ።

«ሚሲዮን ባህላቸውን ሙሉ በሙሉ አጠፋ» የሚሉም፣ «ምንም አላጠፋም» የሚሉም ይመጡብኛል፤ ሁለቱም አያጣሩም። አይዳ የሚባለው፣ ወጣት ወንዶችን ወደ ጎልማሳነት የሚያስገባው ታላቅ ሥርዓት ቀርቷል፤ ከበሮዎች፣ ጭምብሎችና ሌሎች ቅርጾች ተቃጥለዋል። ይህ የሆነ ነገር ነው፣ መካድም ነውር ነው። ብዙ ቤተሰብ አብሮ የሚኖርባቸው ረጃጅም ቤቶችም ቀርተው በየቤተሰቡ ትንንሽ ቤት ተተካ፤ በእኔ አስተያየት ከእሳቱ ይልቅ አኗኗሩን የለወጠው ይህ ነው። ሆኖም እውቀቱ ከሽማግሌዎቹ እጅ አልጠፋም ነበር። በ1970ዎቹ ቅርጻ ቅርጹ እንደገና ተነሣ፤ በ1974 በባሊሞ የባህል ማዕከል በጥንቱ ረጅም ቤት አምሳል ተሠርቶ ተከፈተ። ከምእመናኑ የተቃወሙ ነበሩ፤ የቀረጹም ነበሩ። ክርክሩ የእነሱ ነው፤ እንግዳ ሄዶ ዳኛ አይሁን።

«የጠፉት የእስራኤል ነገዶች መሆናቸው በዲ ኤን ኤ ተረጋግጧል።» አልተረጋገጠም። ከጎጎዳላዎች መካከል ይህን የሚያምኑ አሉ፤ እምነታቸውን አክብሩ፤ ማስረጃ ነው ብላችሁ ግን በየመድረኩ አትናገሩ።

ልሂድ ለምትሉ፦ መጀመሪያ የዚያች አገር ቤተ ክርስቲያን ትጥራችሁ፤ ሳትጠሩ አትሂዱ። በመጀመሪያው ዓመት መድረክ አትፈልጉ፤ ቋንቋ ተማሩ፣ መቅዘፍ ተማሩ፣ ከሴቶቹ ጋር ሳጎ እጠቡ። በደቡብ ኦሞ ያገለገለች ነርስ ጓደኛዬ ለብዙ ወራት ሕፃናት ከመመዘንና ውኃ ከመቅዳት በቀር የሠራችው ነገር አልነበረም፤ ዛሬ ሽማግሌዎቹ ምክር የሚጠይቁት እሷን ነው። አጎበር ያዙ። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚመለስ ትኩሳቱ በረደ ብላችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ቁስል ካለባችሁ በባዶ እግር ጭቃ ውስጥ አትግቡ፤ ሜልዮይዶሲስ የሚባል፣ በአፈርና በውኃ ውስጥ ካለ ባክቴሪያ የሚመጣ ገዳይ በሽታ በባሊሞ አካባቢ እንዳለ በጥናት ታውቋል። ወደ አገር ቤት ሪፖርት ስትጽፉም መንደሩን ማን እንዳስተማረው በስሙ ጻፉ፤ ፎቶው ላይ ፓስተሩን ከጎናችሁ ሳይሆን ከፊታችሁ አቁሙት።