አማተር ራዲዮ ምንድን ነው?

«አማተር» ሲባል ብዙ ሰው ያልበሰለ፣ ገና ጀማሪ ማለት ይመስለዋል። እዚህ ግን ሳይከፈለው፣ ወዶ የሚሠራ ማለት ነው። የራስህን ማሰራጫ ይዘህ፣ በተፈቀደልህ ሞገድ፣ እንዳንተው ራዲዮ ካለው ሰው ጋር ታወራለህ፤ ሰውየው ሌላ አህጉር ሊሆን ይችላል። ዘፈን መልቀቅ የለም፣ ንግድ የለም። ፈቃድና መጥሪያ፣ ማለትም በአየር ላይ የምትታወቅበት መለያ፣ ግን የግድ ነው። የእኛ አገር መጥሪያ በኢ ቲ ይጀምራል፤ አምስት ኪሎ ያለው የአማተሮች ክበብ ጣቢያ ለምሳሌ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ ይባላል።

እኔ በማዳመጥ ነው የጀመርኩት። ድሬ፣ ከዚራ። አባቴ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል በሽርጥ ግቢ ቁጭ ይልና በአጭር ሞገድ የአማርኛውን ዜና ይፈልጋል። ጣቢያው ሲጠፋበት ሽቦ ይዤ ቆርቆሮ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ። ቀን እንቢ ያለው ጣቢያ ማታ ለምን ጥርት ብሎ እንደሚመጣ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቀን ላይ ፀሐይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትፈጥረው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንብርብር ዝቅተኛዎቹን የአጭር ሞገድ ድግግሞሾች ይውጣቸዋል። ሲመሽ ይጠፋል። ከሱ በላይ፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ግን ያድራል፤ ሞገዱን አጥፎ ወደ መሬት የሚመልሰውም እሱ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፈቃድ ካገኘሁ በኋላ ለእረፍት ድሬ መጣሁ፣ በእጄ የተዋስኩት ራዲዮ፣ ታይዋን ከሚባለው የድሬ ገበያ የገዛሁት የመብራት ሽቦ። የአንቴናው ሒሳብ ቀላል ነው፦ 143ን በሜጋኸርዝ ለሚለካው ድግግሞሽ ስታካፍል ርዝመቱ በሜትር ይመጣል። ለ14.2 ወደ 10 ሜትር፣ መሀሉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ፣ በየጎኑ 5 ሜትር። እኔ ሆዬ በየጎኑ 10፣ 10 አድርጌ ቆረጥኩት! ከሰዓቱን ሙሉ ብጣራ መልስ የለም። የምልከው ኃይል አብዛኛው ከአንቴናው ተመልሶ ወደ ራዲዮው ይመጣል፣ ራዲዮው ደግሞ እንዳይቃጠል ራሱ ኃይሉን ይቀንሳል።

ማታ ተናድጄ ሽቦውን ልጠቀልል ስል ሒሳቡን ደገምኩት። 20 ሜትር ለ7.1 ሜጋኸርዝ ልክ ነው፤ ያውም የማታ ሞገድ ነው። ጣቢያውን ቀየርኩና ጠራሁ። አንድ የግሪክ ሰው መለሰልኝ። የከተማዬ ስም አልገባ ብሎት «ዴልታ፣ ኢንዲያ፣ ሮሜዮ፣ ኤኮ» እያልኩ፣ ለእያንዳንዱ የላቲን ፊደል በሱ የሚጀምር ቃል እየሰጠሁ፣ ቆጠርኩለት። ሦስት ደቂቃ ብናወራ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል አልዞረም።

አሁን የምተዳደረው በሞባይል አንቴና ነው። ምሰሶ ሥር የምለካው ያችኑ ተመላሽ ኃይል ነው፣ ሒሳቡም ያው ነው፣ 900 ሜጋኸርዝ ላይ ርዝመቱ ወደ 16 ሴንቲሜትር ይወርዳል እንጂ። ስንዝር አይሞላም። ኮሌጅ ይህን በቀመር ሲያስተምሩኝ እኔ ጣሪያ ላይ በፒንሳ ተምሬው ነበር፣ ፈተናም ላይ የጠቀመኝ እሱ ነው።

ሽቦው ዛሬም ከዚራ ግቢያችን አለ። እናቴ ልብስ ታሰጣበታለች። ርዝመቱ ልክ ነው ትላለች።