የሥሪት አገር ደንብ ምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የተሰፋ አንድ ሸሚዝ እናስብ። ጨርቁ ከቻይና ወይም ከሕንድ ተጭኖ በጅቡቲ በኩል ገብቷል፤ ክሩና ቁልፉም እንዲሁ። የቆረጡት፣ የሰፉትና የተኮሱት ግን የእኛ ልጆች ናቸው። ደመወዙም፣ የመብራት ሂሳቡም እዚሁ ተከፍሏል። ታዲያ ይህ ሸሚዝ የየት አገር ዕቃ ነው? ለሚለብሰው ሰው ጥያቄው ትርጉም ላይኖረው ይችላል። በናይሮቢ ወይም በሉሳካ ሳጥኑን ለሚከፍተው የጉምሩክ ሠራተኛ ግን ቀረጡ የሚወሰነው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው። መልሱን የሚሰጠው ሕግ የሥሪት አገር ደንብ ይባላል። አንድ ዕቃ በንግድ ስምምነት ከቀረጥ ነፃ ለመግባት ወይም ቅናሽ ለማግኘት፣ ከሥራው ምን ያህሉ በአባል አገሮች ውስጥ መከናወን እንዳለበት የሚደነግግ ሕግ ነው።

ደንቡ ለምን አስፈለገ? በነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ አባላት እርስ በርስ ቀረጥ ይቀንሳሉ እንጂ ከቀጠናው ውጭ ለሚመጣ ዕቃ እያንዳንዱ የራሱን ታሪፍ ይዞ ይቀጥላል። አንዱ አገር ከእስያ በሚመጣ ጫማ ላይ 35 በመቶ፣ ጎረቤቱ ደግሞ 10 በመቶ ያስከፍላሉ እንበል። ደንብ ባይኖር ነጋዴው ሁሉ ጫማውን 10 በመቶ በሚያስከፍለው አገር አስገብቶ፣ ማሸጊያውን ቀይሮ፣ ወደ ሌላው በነፃ ያሻግረው ነበር። ስለዚህ ማሸግ፣ ምልክት መለጠፍ ወይም መለየት ብቻውን ለዕቃ የሥሪት አገር አያሰጥም። ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ አዲስ ካርቶን የለበሰ የውጭ ጫማ ያው የውጭ ጫማ ነው።

ጥርጣሬው ግን ደንብ ስላለ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኬንያ ከዩጋንዳ ስኳር ለማስገባት ስትስማማ፣ የኬንያ ተቃዋሚዎች «የሚገባው ከሌላ ዓለም ተገዝቶ ጆንያው የተቀየረ ስኳር ነው» ብለው ተነሡ። ሁለቱ አገሮች በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሥር የጋራ የውጭ ታሪፍ አላቸው፤ እንዲያም ሆኖ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ስኳር ቀምሰው አገሩን አይለዩትም። ጀርባው ላይ ያሉት የአገዳ ገበሬዎች ደግሞ ድምፅ የሚሰጡ ዜጎች ናቸው። በዚህ ምክንያት ደንቡ ቴክኒካዊ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ፖለቲካ ነው።

አሁን ጉዳዩ በራችን ደርሷል። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነት እ.ኤ.አ. መጋቢት 2018 በኪጋሊ ተፈረመ፤ በ2019 ሥራ ላይ ዋለ፤ ንግዱም ጥር 2021 በይፋ ተጀመረ። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. አጽድቃ፣ በስምምነቱ መሠረት ዕቃ መላክ የጀመረችው በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ነው። ከታሪፍ መስመሮች፣ ማለትም በቀረጥ ሰንጠረዥ ከተዘረዘሩት የዕቃ ዓይነቶች፣ 90 በመቶው ቀስ በቀስ ነፃ ይሆናል የሚለው ቁጥር በየስብሰባው ይጠቀሳል። እኔ ግን ከዘጠናው በመቶ ይልቅ የሥሪት አገር ደንቡን አባሪ ማንበብ ይበልጣል ባይ ነኝ። ቀረጡ ዜሮ ቢሆንም ዕቃው «አፍሪካዊ» ካልተባለ ዜሮው አይደርሰውም።

ቀላሉ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ በአንድ አገር የተገኘ ዕቃ ነው፤ ቡና፣ ጫት፣ ቦሎቄ፣ እዚሁ ተወልደው ካደጉ ከብቶች የተገኘ ሥጋ። በእነዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚጀምረው የውጭ ግብዓት ሲቀላቀል ነው።

አንዱ መለኪያ የእሴት ድርሻ ነው። የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ ኮሜሳ፣ ካስቀመጣቸው አማራጮች አንዱ ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ ካለው ወጪ ቢያንስ 35 በመቶው በቀጠናው የተጨመረ እሴት እንዲሆን ይጠይቃል። በስሌት እንየው። ገላን ውስጥ ያለ አንድ የጫማ አምራች ለአንድ ጥንድ ከውጭ ለሚያስገባው ሶል፣ ማስቲሽና ገበር 1,200 ብር ያወጣል እንበል። ለአገር ውስጥ ቆዳ፣ ለሠራተኛ፣ ለመብራትና ለኪራይ ደግሞ 800 ብር። ድምሩ 2,000 ነው፤ የአገር ውስጡ ድርሻ 40 በመቶ ስለሆነ ጫማው ያልፋል። ቀጥሎ ብር ከዶላር አንጻር በግማሽ ይውደቅ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ሁላችንም አይተናል። የውጭው ግብዓት 2,400 ብር ሆነ፤ የአገር ውስጡ ወጪ ባለበት ቢቆይ ድምሩ 3,200፣ ድርሻውም 25 በመቶ ይሆናል። ያው ጫማ፣ ያው ሠራተኛ፣ ያው ቆዳ፤ ትናንት ኢትዮጵያዊ የነበረው ዛሬ በዚህ መለኪያ ወደቀ። ገንዘቧ የሚዋዥቅ አገር በመቶኛ ብቻ የሚለካ ደንብ ስትፈርም ይህን አስቀድማ ማየት አለባት ብዬ አምናለሁ።

ሌላው መለኪያ ከምንዛሪ ጣጣ ነፃ ነው። ዓለም ሁሉ ዕቃዎችን የሚመድብበት የታሪፍ መለያ ቁጥር አለ፤ ግብዓቱና ምርቱ የተለያየ ባለአራት አኃዝ መለያ ካላቸው ዕቃው በበቂ ተለውጧል ይባላል። የለፋ ቆዳ ምዕራፍ 41 ውስጥ፣ ጫማ ደግሞ ምዕራፍ 64 ውስጥ ስለሆኑ ቆዳን ጫማ ያደረገ ሰው ያልፋል። ሆኖም ቀዳዳ አለው። የጫማ ክፍሎች መለያ 6406፣ ያለቀለት የቆዳ ጫማ 6403 ነው። ላይኛው ክፍል ተሰፍቶ፣ ከውስጥ ሶል ጋር ተያይዞ ከውጭ ቢመጣና እዚህ የውጭ ሶሉ ብቻ ቢለጠፍበት ቁጥሩ ይቀየራል፤ ሥራው ግን የተሠራው ሌላ ቦታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ እንዲህ የተያያዘውን ክፍል ለይቶ የሚያስወጣው ለዚህ ነው።

ወደ ሸሚዙ እንመለስ፤ ትልቁ ሽኩቻ ያለው በልብስ ላይ ነው። አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከቀረጥ ነፃ ዕድል በሚሰጠው ሕጓ፣ በአጎአ፣ አውሮፓ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣም ላላደጉ አገሮች በሰጠው ዕድል፣ ጨርቁ ከየትም ቢመጣ ስፌቱን ብቻ በቂ አድርገው ተቀብለዋል። ቦሌ ለሚ ውስጥ ለውጭ ገበያ የሚሰፋው ልብስ የቆመው በዚህ ልል ደንብ ላይ ነበር፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ከአጎአ ተጠቃሚነት ስትሰረዝ አንዱ በር ተዘጋ። የደቡባዊ አፍሪካ ልማት ማኅበረሰብ፣ ሳድክ፣ ግን ጠበቅ ያለ ነው፦ ጨርቁ መሸመንም ልብሱ መሰፋትም ያለባቸው በቀጠናው ውስጥ ነው። በአህጉራዊው ድርድር የልብስና የተሽከርካሪ ምዕራፎች ንግዱ ከተጀመረ በኋላም ለዓመታት ሳይቋጩ የቆዩት ይህ የጥቅም ልዩነት ስላለ ነው። የሽመና ፋብሪካ ያለው ጠባብ ደንብ ይፈልጋል፤ የስፌት መኪና ብቻ ያለው ሰፊውን። ጠባቡ ደንብ በአፍሪካ ጥጥና ሽመና ላይ መዋዕለ ንዋይ ይስባል የሚለውን ክርክር በቁም ነገር እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ሽመናው እስኪደርስ ድረስ ሥራ የሚያጡት በየከተማው ዳርቻ ቤት ተከራይተው የሚሰፉ ወጣት ሴቶች ናቸው። እነሱን የሚጠብቅ የመሸጋገሪያ ጊዜ ሊኖር ይገባል።

ከሁሉም በላይ ተስፋ የማደርግበት ክፍል ግን ድምር የሚባለው ነው። የአንዱ አባል አገር ግብዓት በሌላው ሲሠራ እንደ አገር በቀል ይቆጠራል። ከግብፅ የመጣ ጨርቅ አዲስ አበባ ጥግ ላይ ቢሰፋ ሸሚዙ የአፍሪካ ነው። የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር፣ አሴአን፣ ይህን ቀድሞ ሞክሮታል። እጅግ ሀብታሟን ሲንጋፖርን ከደሃዋ ላኦስ ጋር የያዘው ማኅበር የ40 በመቶ ድርሻን ሲቆጥር የአባላቱን ግብዓት አንድ ላይ ይደምራል። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በተጀመረ መርሐ ግብር፣ ቶዮታ የናፍጣ ሞተር በታይላንድ፣ ካምቢዮ በፊሊፒንስ እየሠራ በቅናሽ ቀረጥ ያዘዋውር ነበር። አገሮቹ በፖለቲካ ሥርዓታቸው እጅግ ይለያያሉ፤ ያቀራረባቸው የአንዱ ፋብሪካ ያለ ሌላው የማይሠራ መሆኑ ነው።

ለትንሽ አምራች የሚቀረው ማስረጃ ነው። ላኪው የሥሪት አገር ምስክር ወረቀት ይዞ መገኘት አለበት፤ በአህጉራዊው ስምምነት ግን ዋጋው ከ5,000 የአሜሪካ ዶላር ለማይበልጥ ጭነት ማንኛውም ላኪ በደረሰኙ ላይ የራሱን መግለጫ ጽፎ መላክ ይችላል። ቡራዩ ወይም ገላን ውስጥ ጥቂት ሠራተኞች ይዞ ቀበቶና ቦርሳ የሚሠራ ሰው ይህን ዕድል የሚጠቀመው ቆዳውን የገዛበትን ደረሰኝና ከውጭ ያስገባውን ዕቃ ዲክላራሲዮን በሥርዓት ካስቀመጠ ነው፤ የተቀባዩ አገር ጉምሩክ ከዓመታት በኋላም ማጣራት ሊጠይቅ ይችላልና።