ላንድ አርት ምንድን ነው?

ላንድ አርት ሠዓሊው ሸራውንና ቀለሙን ቤት ትቶ ወደ ሜዳ የሚወጣበት የሥነ ጥበብ ዘርፍ ነው። በመንገዱ ያገኘውን ድንጋይ፣ ቅጠል፣ ጭቃ ወይም እንጨት እዚያው ይሠራበታል፤ ሲጨርስም እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ሥራው ለአንድ ቦታ፣ ከዚያው ቦታ የተሠራ ስለሆነ አንሥተው ሌላ ቦታ ቢያኖሩት ያው ሥራ አይሆንም። ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር የተለቀመ ድንጋይ አዲስ አበባ ባለ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ወለል ላይ ቢደረደር ሊያምር ይችላል፤ ሐይቁ፣ ነፋሱና አባ ኮዳው ግን ሐዋሳ ቀርተዋል።

ዘርፉ ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ጋለሪ ውስጥ ተሰቅሎ የሚሸጥ ሥዕል የሰለቻቸው የአሜሪካና የአውሮፓ ወጣት ሠዓሊዎች ወደ ውጭ ሲመለከቱ ነው። ገና ከጅምሩ ሁለት መልክ ነበረው። አንዱ ወገን በገልባጭ መኪናና በዶዘር ሠራ። አሜሪካዊው ሮበርት ስሚዝሰን እ.ኤ.አ. በ1970 በዩታ ግዛት፣ በታላቁ የጨው ሐይቅ ዳርቻ ከጥቁር ባዝልት ድንጋይና ከአፈር የሠራው «ስፓይራል ጄቲ» የተባለ ጠመዝማዛ መንገድ 450 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሌላው ወገን ባዶ እጁን፣ በእግሩ ወጣ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ሎንግ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ገና የሥነ ጥበብ ተማሪ ሳለ፣ ከለንደን ራቅ ብሎ አንድ ሣር ሜዳ ላይ ቀጥ ባለ መስመር ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ። የተረገጠው ሣር ተኝቶ ብርሃን ሲይዝ መስመሩ ታየ፤ ፎቶ አነሣውና ሄደ። ሥራው ይኸው ነው።

ይህን የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ «ይህማ እረኛም ያደርገዋል» ይላል። ያደርገዋል እንጂ! የእረኛ ዱካ ግን ከብቱን ውኃ ያደርሳል፤ የሎንግ መስመር የትም አያደርስም። አንድ ሰው እዚህ ቦታ እንደሄደ ብቻ ይናገራል፤ ያንን ለማየት ቆም ማለት ለሚችል ሰው በቂ ነው።

ሐዋሳ ላይ ላንድ አርት ልትሞክሩ ብትነሡ የሚስማማችሁ ይህ የእግረኛው መልክ ነው ባይ ነኝ። ዶዘሩማ ከተማው ውስጥ ሞልቷል። በዚያ ላይ ከተማዋ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆ፣ ጥንት እሳተ ገሞራ በፈጠረው ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ ላይ ስለሆነ ከእግር ሥር የሚገኘው ድንጋይ የትም የሚገኝ ዓይነት አይደለም። ለብሎኬት መሥሪያ በመኪና የሚጫነውን ፑሚስ ውሰዱ። አንዱን አንሥታችሁ ብታገላብጡት ውስጡ እንደ ዳቦ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ ጋዝ የሞላበት ቅልጥ ድንጋይ ተፈናጥሮ ወጥቶ በቶሎ ሲቀዘቅዝ አረፋው እዚያው ስለቀረ ነው። ጡጫ የሚያህለው እንኳ ለእጅ አይከብድም፤ ውኃ ላይ ቢጥሉት ይንሳፈፋል። ሲደርቅ ነጣ ይላል፣ ሲርስ ይጠቁራል።

እንግዲህ በዚህ ድንጋይ ግማሹ ውኃው ጠርዝ ላይ፣ ግማሹ ደረቁ ላይ የሚያርፍ አንድ ክብ ብትሠሩ ምን ይሆናል? ማዕበሉ የሚነካው ወገን ይጠቁራል፣ ሌላው ነጭ እንደሆነ ይቆያል። አንድ ዓይነት ድንጋይ ሁለት ቀለም ሰጠ ማለት ነው። ነፋሱ ተነሥቶ ውኃው ገፋ ሲያደርግ ደግሞ ድንጋዮቹ ተራ በተራ ከቦታቸው ተነሥተው ይንሳፈፋሉ፤ ክቡ ይፈታል። ባዝልት ቢሆን ኖሮ ባለበት ይሰምጥ ነበር። በላንድ አርት ቁሳቁሱ የሥራውን ግማሽ ይወስናል የሚባለው ለዚህ ነው፤ አስቀድሞ ቤት ተቀምጦ ንድፍ የጨረሰ ሰው ይህን አያገኘውም። መራመድ የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በባጃጅ የሚያልፍ ሰው ፑሚሱን አያየውም።

ባልጩትም አለ። ከሐዋሳ በስተሰሜን ባለው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ አካባቢ በብዛት የሚገኝ ጥቁር የተፈጥሮ መስታወት ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ውበቱ ያታልላል፤ የተሰበረ ጠርዙ ሥጋ ይቆርጣል፣ የጥንት ሰዎችም መቁረጫና መፋቂያ የሠሩበት ለዚሁ ነው። ልጆች በባዶ እግራቸው በሚሮጡበት ዳርቻ ባልጩት ደርድሮ የሚሄድ ሰው ለእኔ ሠዓሊ አይደለም።

እዚያው ሐዋሳ ወዳለው ታቦር ተራራ ለሚወጣ ደግሞ ሌላ ቁስ አለ፤ ደረቅ ሣር፣ ቅጠልና የግራር እሾህ። አንዲ ጎልድስወርዚ የተባለው ሌላው እንግሊዛዊ በብዙ ሥራዎቹ ሽቦና ሙጫ ሳይነካ ቅጠልን ከቅጠል በእሾህ እየሰካ ያያይዛል። ግራር ባለበት አገር መርፌ አይገዛም።

ሐይቁን በሚመለከት ስሚዝሰን የደረሰበትን ማወቅ ይጠቅማል። ጠመዝማዛውን የሠራው ውኃው በጎደለበት ጊዜ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ሐይቁ ሞልቶ ዋጠው፤ ሠላሳ ዓመት ያህል አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ውስጥ ቆይቶ ድርቅ ሲመጣ ጨው ለብሶ ብቅ አለ። ያ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የሐዋሳም የለውም። ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ከፍ የሚለውም ስለዚህ ነው፤ በከተማው በኩል መከላከያ ግድብ የተሠራው ሞልቶ ስላስቸገረ ነው። ዳርቻው ላይ የምትሠሩት ነገር ሁሉ የዚህ ከፍና ዝቅ ተገዢ ነው።

የጢያንና የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች ጠቅሶ «ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም» የሚል አይጠፋም። እነዚያን አክብሬ፣ ዝምድናው ሩቅ ነው እላለሁ። የጢያ ድንጋይ መቃብር ላይ የቆመው ዘመን እንዲሻገር ነው፤ እግረኛው የሚሠራው ክብ ግን ለነገ እንኳ ዋስትና የለውም፣ ዋስትናም አይፈልግም።

ጥንቃቄ የሚሻው ፊላውና ደንገሉ ነው። ወፎች ጎጆ የሚሠሩት እዚያ ውስጥ ስለሆነ ከሥሩ እየነቀሉ መሥራት ክልክል ነው ብላችሁ ያዙት፤ ነፋስ የጣለው ይበቃል። የዓሣ አጥማጆች ጀልባ የሚጎተትበትን መንገድ አትዝጉ። ቀለም አትቀቡ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየከመሩ ዳርቻውን መሙላትም የፋሽን ነገር ሆኖ በየአገሩ ሰልችቷል፤ አንድ ሠርቶ መሄድ ይሻላል።

ውኃው ከወሰደው በኋላ የሚቀረው ፎቶው ብቻ ስለሆነ አነሣሡ ላይ አትቸኩሉ፤ ሐይቁም ሆነ ተራራው በጀርባው ይታይ። ሎንግ ብዙ ጊዜ ከፎቶው ጋር የሚያኖረው ርዕሱን፣ ቦታውንና ዓመቱን ነው። ለእናንተም «ሐዋሳ»፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ ይበቃል፤ ክረምት ይሁን በጋ፣ ውኃው የት ደርሶ እንደነበር ተመልካቹ ከዚያ ይረዳዋል።