ከተጣለ ጨርቅ የሚሠራ ፋሽንና ጥበብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአሮጌ ጂንስ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ከቆርኪ ሳይቀር ልብስ፣ ቦርሳና የጥበብ ሥራ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። ስለ ሥራቸው የሚወራው ግን ብዙ ጊዜ ከእውነታው ይርቃል። በጣም የሚያንገበግበኝ የዋጋው ነገር ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

«ዕቃው የተጣለ ነው፤ ታዲያ ለምን ይወደዳል?»

ጨርቁ ርካሽ ሊሆን ይችላል። ድካሙ ግን ርካሽ አይደለም። ከአሮጌ ጂንስ ቦርሳ የምትሠራ ሴት መጀመሪያ ሱሪውን ታጥባለች። ከዚያ ስፌቱን በምላጭ ትተረትራለች። የጂንስ ስፌት ድርብ ነው፤ ምላጩ ትንሽ ከሳተ ጨርቁ ይቀደዳል። ተተርትሮ ካለቀ በኋላም ሁሉም አይጠቅምም። ጭኑ መሃል ሳስቷል፣ ጉልበቱ ተለጥጧል። የአንዱ ሱሪ ሰማያዊ ከሌላው ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ከደማቁ እስከ ፈዛዛው ደርድራ እያየች ትመርጣለች። የሚለጠጠውን ስትሬች ጂንስ ከደረቁ ጂንስ ጋር ከሰፋችው ደግሞ ቦርሳው ይጨማደዳል።

አዲስ ጣቃ ያለው ልብስ ሰፊ አንዴ ለክቶ፣ ጨርቁን ደራርቦ፣ ብዙውን በአንድ ጊዜ ይቆርጣል። እሷ እያንዳንዷን ቁራጭ ለየብቻ ማሰብ አለባት። «ከቆሻሻ ሠርተሽ ይሄን ያህል ትጠሪያለሽ?» የሚላት ሰው የሚከራከረው በቀን ሥራዋ ላይ ነው።

«የድሃ መላ እንጂ ጥበብ አይደለም»

አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ከተበጣጠሰ የሥራ ልብስ የአልጋ ልብስ ይሰፉ ነበር። መነሻው ድህነትና ብርድ መሆኑ እርግጥ ነው። ግን ቀለሙንና ቅርጹን ያዋሐዱበት መንገድ በ2002 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ አድርሷቸዋል። ችግርና ጥበብ አንድ መርፌ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ጋናዊው ኤል አናትሱይ ናይጄሪያ ውስጥ ንሱካ ከተማ ለዓመታት ሠርቷል። የአረቄ ጠርሙስ ቆርኪ እየደፈጠጠ፣ በመዳብ ሽቦ እያያያዘ፣ እንደ ጋቢ የሚተጣጠፍ ግዙፍ ሥራ ይሠራል። በ2015 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ቢየናሌ የተባለው የጣሊያን የጥበብ ትርኢት የዕድሜ ልክ ሥራውን በወርቅ አንበሳ ሸልሞታል።

የእኛው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜም አለ። ድሮ በክርና በልብስ ቁልፍ ይጠልፍ ነበር። በኋላ ከመርካቶ የሚሰበሰበውን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይዞ፣ ቀጫጭን ባለቀለም ሽቦ እየጎነጎነ በጣውላ ላይ መደርደር ጀመረ። ከሩቅ ሲያዩት ከላይ የታየ የእርሻ መሬት ሊመስል ይችላል፤ ቀረብ ሲሉ የኪቦርድ ቁልፍና ሽቦ ነው። እሱና የጥበብ ትርኢት አዘጋጇ መስከረም አሰግድ በ2019 እ.ኤ.አ. መካኒሳ የከፈቱትን ዞማ ሙዚየም ያላየ ቢያይ ይጠቅመዋል።

«ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ፋሽን ነው»

በፍጹም። ድሪቶ የለበሰ፣ በበረባሶ የሄደ ሕዝብ ይሄን ማንም አላስተማረውም። «ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ነጋዴ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ የፕላስቲክ ዕቃ ሲሰጥ ኖሯል። ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትመሠርት፣ ያንኑ የመኪና ጎማ ሶል ይዛ ነው የዓለም ገበያ የገባችው።

«አሮጌ ልብስ ከተሰበሰበ ሁሉም ተመልሶ ልብስ ይሆናል»

ይሄኛው ሰውን ያዘናጋል። ጥጥና ፖሊስተር የተደባለቀበትን ጨርቅ መለየት ከባድ ነው። ጥጡ ብቻውን እንኳ በማሽን ሲበጣጠስ ጭረቱ ስለሚያጥር ክሩ ይደክማል፤ አዲስ ጥጥ ካልተቀላቀለበት አይጠነክርም። ኤለን ማካርተር ፋውንዴሽን በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ልብስ ለመሥራት ከሚውለው ጥሬ ዕቃ ተመልሶ አዲስ ልብስ የሚሆነው ከ1 በመቶ ያነሰ ነው።

ባለሙያዎቹን እናድንቅ፤ የፋብሪካዎችን ትርፍ ምርት ግን እነሱ እንዲያጸዱት አንጠብቅ። በጋና ዋና ከተማ አክራ፣ ካንታማንቶ ገበያ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ከውጭ በቦንዳ የሚመጣውን ልብስ እየቆረጡ፣ እያጠበቡ፣ ቀለም እየነከሩ መልሰው ይሸጣሉ። ከአቅማቸው በላይ የሆነው ወደ ቆሻሻ መጣያና ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይሄዳል።